በኮንቴይነር የማይለካ ሳይንስ

በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ሁሉ ሞጆን ያውቃታል። በ2009 ሥራ የጀመረው ደረቅ ወደቧ ከጂቡቲ የሚመጣውን ኮንቴይነር ይቀበላል፣ ይደረድራል፣ ቀረጡ ሲከፈልም ይለቃል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የምጠቅሳቸው ሥራዎች የታተሙት በዚያ ነውና።) የባሕር በር ለሌላት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙግቴም ከወደቡ ጋር አይደለም። ሙግቴ አገርን በኮንቴይነር ቁጥር ብቻ መለካት ከለመደው አስተሳሰብ ጋር ነው። ለዚህ አስተሳሰብ በብረት ሣጥን ተጭኖ የመጣ ሁሉ ልማት ነው፤ በፖስታ ውስጥ የሚገባ ነገር ግን ቅንጦት ነው።

ቅንጦት የሚለውን ቃል በከንቱ አላነሣሁትም። የመሠረታዊ ፊዚክስ ምርምር በተነሣ ቁጥር የተማረው ወገናችን ሳይቀር «ስንዴ ያልጠገበ ሕዝብ ከኤሌክትሮን ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ጥያቄው የአዛኝ ጥያቄ ይመስላል። እስቲ በአንድ ምሳሌ እንፈትነው፤ ምሳሌውም በተቻለ መጠን ከስንዴ የራቀ ይሁን።

ሁለት ነጠላ ደራርባችሁ ወደ ብርሃን ብታነሡና አንዱን በጥቂቱ ብታዞሩት፣ ሸማኔው ያልሸመነው፣ ሞገድ የመሰለ ጥለት ይታያችኋል። የፊዚክስ ሰዎች ሞአሬ ይሉታል። አሁን ነጠላውን በግራፊን ተኩት። ግራፊን እርሳስ ውስጥ ካለው ከግራፋይት የሚላጥ፣ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። አንዱን ንጣፍ ለሁለት ቀድዶ፣ ግማሹን 1.1 ዲግሪ ያህል አዙሮ በሌላው ግማሽ ላይ ሲያነጥፉት፣ የጥለቱ አንድ ድግግሞሽ ስፋቱ 13 ናኖሜትር ያህል ይሆናል፤ በውስጡም ከ10,000 በላይ አቶሞች ይገኛሉ።

በአንድ ንጣፍ ግራፊን ላይ ኤሌክትሮኖች በሴኮንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራሉ። በዚህ ማዕዘን ግን ሊቆሙ ይቃረባሉ። በ2014 የተከፈተውን የአዳማን ፍጥነት መንገድ አስቡ፦ መኪናው በሚፈስበት ሰዓት አንዱ ሹፌር ስለ ሌላው ብዙም አያስብም። የጭነት መኪኖች በአንድ በር ፊት ሲሰለፉ ግን የእያንዳንዱ ጉዞ በፊቱ በቆመው ይወሰናል፤ ማንም ብቻውን አይሄድም። የዘገዩ ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ ናቸው። እርስ በርስ የሚገፋፉበት ጉልበት ከእንቅስቃሴያቸው ጉልበት ይበልጥና የአንዱ ዕጣ ከሁሉም ዕጣ ጋር ይቆራኛል።

በመጋቢት 2018 ዩዋን ካኦ፣ ፓብሎ ሃሪዮ ኤሬሮና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ሠርተው በኔቸር መጽሔት ያወጧቸው ሁለት ጽሑፎች ይህንን አሳዩ። ማስተላለፍ ይገባው የነበረው ካርቦን ኤሌክትሪክ አላሳልፍም አለ። የኤሌክትሮኖቹን ቁጥር በቮልቴጅ በጥቂቱ ለውጠው ከፍፁም ዜሮ በላይ 1.7 ዲግሪ ላይ ሲያደርሱት ደግሞ ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚያሳልፍ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። (ተቃውሞ የሌለበት አገር የሚመኙ ሹማምንት ልብ ይበሉ፦ ሁሉ ነገር በረዶ መሆን አለበት።) ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።

አሁን የግኝቱን ደረሰኝ እንመልከት። ጋይምና ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንቸስተር ላይ ግራፊንን የለዩት በተራ ፕላስተር ግራፋይት እየላጡ ነው፤ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። የ1.1 ዲግሪውን ነገር ራፊ ቢስትሪትዘርና አለን ማክዶናልድ በ2011 ቴክሳስ ላይ የደረሱበት በቀመርና በኮምፒዩተር ነው፤ ሥራቸው የሚገባውን ክብር ያገኘው ሙከራው ከተሳካ በኋላ ነው። ግራፊኑን ከላይና ከታች የሚያቅፈው የቦሮን ናይትራይድ ክሪስታል ደግሞ በአብዛኛው ከጃፓን፣ ከጹኩባ ከተማ ይመጣል። ታካሺ ታኒጉቺና ኬንጂ ዋታናቤ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በትልቅ መጭመቂያ ሠርተው በዓለም ዙሪያ በመቶ ለሚቆጠሩ ላቦራቶሪዎች ያከፋፍሉታል። የዓለምን ፊዚክስ ያናወጠው ዕቃ ከመዳፍ የማይሞላ ጥቅል ነው።

ታዲያ እኛን የከለከለን ድህነት ብቻ ነውን? የባሕር በር ማጣት ነው እንዳይባል፣ የትሪየስቴው የቲዮሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል የምሥራቅ አፍሪካ ተቋሙን በ2018 የከፈተው ኪጋሊ ላይ ነው፤ ሩዋንዳም እንደ እኛው ባሕር የላትም። ሰው ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ በዚያው ዓመት አፍሪካውያን ወጣቶች የቁሶችን ኤሌክትሮኖች በኮምፒዩተር ማስላት የሚማሩበት አሴስማ የተባለው ትምህርት ቤት የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነበር። በደርግ ዘመን የታሰሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርን የሳካሮቭ ሽልማት የተቀበሉት ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት በመቆማቸው ነው። እንዲህ ያለ መምህር የነበረው ትውልድ የሚያሰላ ጭንቅላት አያጣም።

የጠፋው ፈቃዱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያጥና ተባለ፤ ከሞጆ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀው የአዳማው ዩኒቨርሲቲም በ2011 በስሙ ላይ «ሳይንስና ቴክኖሎጂ» ተጨመረለት። ቁጥሩንም ስሙንም አገኘን። ሳይንስ ማለት ግን ከውጭ የመጣ ማሽን መትከል ነው የሚለው እምነት አልተነቀነቀም።

ማቀዝቀዣው ውድ መሆኑን አልደብቅም። ፈሳሽ ሂሊየም ይፈልጋል፤ ሂሊየም ደግሞ ቀን አይጠብቅም፣ በጋኑ ውስጥ ሳለ ይተናል። (በዚሁ በስምጥ ሸለቋችን ደቡብ፣ ታንዛኒያ ውስጥ፣ ትልቅ የሂሊየም ክምችት መገኘቱ በ2016 ተነግሯል፤ ጎረቤት አለን ማለት ነው።) ለብረት አንድ ወር መዘግየት ወጪ መጨመር ነው፤ ለሂሊየም ግን ባዶ ጋን መረከብ ነው። ስለዚህ ቀረጥ ማንሣት ብቻውን ምንም አይፈይድም። የሚያስፈልገው በሞጆም ሆነ በቦሌ በኩል የሚገባውን የምርምር ዕቃ ምንነቱን በሚያውቅ ባለሙያ አስመርምሮ በሰዓታት የሚለቅ አንድ መስኮት ነው። ሠላሳ ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ ማቀዝቀዣ ይግዛ አልልም። የተነነውን ሂሊየም መልሶ የሚሰበስብ አንድ የጋራ ላቦራቶሪ አዳማ ላይ ይቁም፤ መንገዱም ባቡሩም አጠገቡ ነው። እስከዚያው ለሚያሰሉት ወጣቶች የማይቋረጥ መብራትና ጥሩ ኮምፒዩተር ይሰጣቸው፤ ይህኛው ኮንቴይነር እንኳ አይሞላም።

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዝርዝሩ ሲወጣ ለዚህ የተመደበ አንድ መስመር ካለ አንባቢ ያሳየኝ።