የዜናው መዝገብ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ለነጋዴ እውነተኛ ወሬ ከሸቀጥ አስቀድሞ ሊገባ የሚገባው ዕቃ ነው። ይልቁንም ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ ተቀምጦ ቡና፣ ዝንጅብልና ቦሎቄ ለሚነግድ ሰው መመሪያው የሚወጣው በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ ወሬው አንድ ቀን ቢዘገይበት ኪሣራው የራሱ ነው። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በፈቀደ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ገደማ ከፍ ማለቱ ይታወሳል። ያን ዕለት ወሬውን ሳይሰማ ከውጭ የመጣ ዕቃውን በዓርቡ ዋጋ የሸጠ ነጋዴ ቢኖር፣ በተቀበለው ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ ሊተካ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህን መሰሉን ጉዳት ለመቀነስ ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ ዜና ሰብሳቢ የሚባለው ነው። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፍ ባወጡ ቁጥር አርእስቱን አር ኤስ ኤስ በተባለው ሥርዓት ይለቁታል፤ ሰብሳቢውም በተሰጠው የምንጮች ዝርዝር መሠረት ከየቦታው እየለቀመ ያቀርባል። የነጋዴው ጸሐፊ ጧት ቢሮ ሲገባ ሃያ ጋዜጣና መሥሪያ ቤት በየተራ ሳይከፍት፣ የሌሊቱን ወሬ ሁሉ በአንድ ገጽ ተሰድሮ ያገኘዋል ማለት ነው።

ከነዚህ ሰብሳቢዎች ዝነኛ የነበረው በ1998 ዓ.ም. የተከፈተው ጉግል ሪደር ነበር። አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነበርና ብዙ ሰው ሌላ መፈለጉን ተወ። ነገር ግን ኩባንያው በመጋቢት ወር 2005 ዓ.ም. መዝጋቱን አስታውቆ፣ ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ዘጋው። ባለጸጋ የሆነው ባለቤት ዘጋሁ ሲል ተጠቃሚው የሚከራከርበት ውል አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ ብዙዎች ወደ ፊድሊ፣ ወደ ኢኖሪደር፣ ወደ ኒውስብለርና ወደ ኦልድ ሪደር ተበታተኑ። በዚያው ዓመት የተከፈተውን ዲግ ሪደርን የመረጡት ግን እርሱም በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ስለ ተዘጋ፣ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቤት ለመለወጥ ተገደዱ።

እንግዲህ ምትክ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛው ያምራል?» የሚለው ሊሆን አይገባውም። ጠቃሚው ጥያቄ «ልወጣ ብል መዝገቤን ይዤ እወጣለሁን?» የሚለው ነው። የደንበኞቹን ስምና የዱቤውን ሒሳብ በጎረቤቱ ደብተር ላይ የሚጽፍ ነጋዴ የለም። የዜና ምንጮች ዝርዝርም ለዓመታት ተለቅሞ የተከማቸ ሀብት ነውና እንደዚሁ ሊጠበቅ ይገባዋል። ደግነቱ ኦ ፒ ኤም ኤል የተባለ የፋይል ዓይነት አለ፤ ዝርዝሩን በሙሉ ከአንዱ ሰብሳቢ አውጥቶ ወደ ሌላው ለማስገባት ያስችላል። ጉግል ሪደር በተዘጋ ጊዜ ሰዎች ሀብታቸውን ያዳኑት በዚሁ መንገድ ነበር። ይህን መውጫ በር የማይሰጥ አገልግሎት፣ ምንም በነጻ ቢሆን፣ ውድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የክፍያ ነገር ነው። ለአገልግሎት ዋጋ መክፈል ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ከገቢው የሚኖር ድርጅት ቶሎ የመዝጋት ምክንያቱ ያነሰ ነው። ነገር ግን ለሶዶ ነጋዴ በውጭ ገንዘብ በየወሩ መክፈል ቀላል አይደለም። ሦስተኛውም የመስመር ነገር ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ በሙሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱ የሚዘነጋ አይደለም። መስመር ሲቆረጥ አዲስ ወሬ የሚያመጣ መሣሪያ የለም፤ ሆኖም ቀድሞ የመጣውን መመሪያና ማስታወቂያ በራሱ ኮምፒዩተር ያስቀመጠ ቢሮ ከባዶ እጅ ይድናል።

ሦስቱም ነገሮች አንድ ላይ ሲመዘኑ፣ ኮምፒዩተር ላለው ቢሮ እንደ ተንደርበርድ ያለው ፕሮግራም የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ደብዳቤ መቀበያ ሆኖ ሳለ አር ኤስ ኤስንም ያነባል፤ ክፍያ የለውም፤ የመጣውን በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ለማስቀመጥ ይቻላል፤ ዝርዝሩንም በፋይል ያወጣል። በእጅ ስልክ ብቻ ለሚሠራ ሰው ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር በነጻው ክፍላቸው ለአንድ ሱቅ ምንጮች ይበቃሉ፤ ዝርዝሩን በየጊዜው አውጥቶ ማስቀመጥ ግን ግዴታ ነው።

«ቴሌግራም እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉ አይጠፉም። በእርግጥ ቴሌግራም ፈጣን ነው፤ ማስታወቂያቸውን በዚያ ብቻ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም ስላሉ ሊተው አይቻልም። ነገር ግን በዚያ የሚዞረው ወሬ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምንጩ ይጠፋል፤ የበዓል መልካም ምኞትና የዋጋ ዝርዝርም ይደባለቃል። ዜና ሰብሳቢ ግን ከምንጩ ይቀዳል። ስለዚህ ቴሌግራሙ የሰማውን በሰብሳቢው ማረጋገጥ የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው።

በመጨረሻም፣ እያንዳንዱ ሱቅ ለብቻው ከሚደክም ይልቅ የከተማው ንግድ ምክር ቤት የታመኑ ምንጮችን ዝርዝር በአንድ ፋይል አዘጋጅቶ፣ በየሩብ ዓመቱ እያደሰ ለአባሎቹ ቢያድል መልካም ነው። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለችና ሊከታተሉት የሚገባው መመሪያ በዝቷል። ሰብሳቢው ነገ ቢዘጋ ሌላ ይተካል፤ ዝርዝሩ በእጅ ያለው ሰው አይደናገጥም።