ሲሳሳሙ ቻናል እንቀይራለን፤ ሲመታትስ?



ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ እያየ ነው እንበል። ሁለቱ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ አባት ሪሞቱን ይፈልጋል፣ እናት "ሂዱ ውሃ አምጡ" ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ሴትየዋን በጥፊ ሲመታት ግን ቻናል የሚቀይር የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ልጆች ከሁለቱም ይማራሉ፦ መሳሳም የሚያሳፍር፣ መምታት ግን የተለመደ ነገር እንደሆነ።

እንደ ሐኪም አቋሜ ግልጽ ነው፤ ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ፆታና በቲቪ ስለሚያዩት ነገር ልጆችን ማናገር ያለብን እኛ ነን። "ነውር ነው!" ብለን ስንዘጋው ጥያቄው አይጠፋም፤ ወደ ስልክና ወደ ጓደኛ ይሄዳል።

"ካወራናቸው ዓይናቸውን እንከፍተዋለን" የምትሉ አላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የተሻሻለ መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ዕድሜን ያገናዘበ የፆታ ትምህርት ልጆች ቶሎ ወሲብ እንዲጀምሩ አያደርግም።

ዝምታ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የብልቱን ስም የማያውቅ ልጅ ሽንቱ ሲያቃጥለው "ሆዴን አመመኝ" ይላል። ሰው ያለአግባብ ቢነካውም የሚናገርበት ቃል የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

✔️ ከ3 ዓመት ገደማ ጀምሮ የብልትን ስም ልክ እንደ እጅና እግር አስተምሯቸው። "ለማንም አትናገር" ብሎ የሚነካቸው ሰው ካለ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ወዲያው እንዲነግሯችሁ አስረዷቸው።

✔️ ጉርምስና በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ስለ ወር አበባና ስለ ህልመ ሌሊት ቀድማችሁ ንገሯቸው። ደም ስታይ የታመመች እንዳይመስላት። ወንዶቹም ስለ ወር አበባ ይወቁ፤ እህታቸው ላይ አይስቁም።

✔️ ለዕድሜያቸው የማይሆን ነገር ሲመጣ ቀይሩት፤ ምክንያቱን ግን ንገሯቸው፦ "ይሄ የትልልቅ ሰዎች ነው፤ ጥያቄ ካለህ እኔን ጠይቀኝ።" ጥፊው ላይ ደግሞ "መምታቱ ልክ ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ሲባል ሲሰሙም እንደዚያው።

✔️ መልሱ ካልመጣላችሁ "ጠይቄ እነግርሻለሁ" በሉ። ከዚያ ግን የእውነት ንገሯት።

ልጅ ሲጨንቀው የሚሮጠው ሲጠይቅ ወዳልተቆጣው ሰው ነው። ያ ሰው እናንተ ሁኑ።

ለሌሎች ወላጆችም ሼር አድርጉላቸው።