የአንዲስ ደጋ በመስታወት ሳጥን፦ አጃቢ ዕፅዋት ከየት ይምጡ?

የደቡብ አሜሪካን የደጋ ዕፅዋት በመስታወት ሳጥን፣ ማለትም በቴራሪየም፣ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ሌሊቱን በማቀዝቀዝ ነው። እንደ ማስዴቫሊያና ድራኩላ ያሉ የአንዲስ ጉማም ደን ኦርኪዶች ቀን መለስተኛ ሙቀት፣ ሌሊት እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚወርድ ቅዝቃዜ ስለሚሹ በቆላ ከተሞች ያለ ማቀዝቀዣ አይዘልቁም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በመካነ ሰላም ግን ይህን ሥራ ሌሊቱ ራሱ ይሠራዋል። እንዲህ ያለ ሳጥን ለማስተማሪያ ቢታሰብ ዋናው ጥያቄ የአጃቢ ዕፅዋት ምርጫ ይሆናል፤ አጃቢዎቹም ከኢትዮጵያ ደጋ ቢመረጡ ይሻላል።

የኢትዮጵያ ደጋ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጅባራ ነው። በኮሎምቢያና በቬንዙዌላ ፓራሞ ከሚበቅለው ኤስፔሌትያ ጋር ያለው መመሳሰል ያስደንቃል። ይሁንና ኤስፔሌትያ ከአደይ አበባ ቤተሰብ ሲሆን ጅባራ ሎቤሊያ ነው፤ ያመሳሰላቸው ዝምድና ሳይሆን የቀን ፀሐይና የሌሊት ውርጭ መፈራረቅ ነው። ኦርኪዶቹ ደግሞ የፓራሞ አይደሉም፤ ከዚያ በታች ባለው ጥላማና እርጥብ ደን ይኖራሉ። ጅባራ በታፈነና በረጠበ አየር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ቢጸና እንኳ ሳጥኑን ሰብሮ መውጣቱ አይቀርም። የመልክ መመሳሰል አብሮ ለመኖር ዋስትና አይሆንም።

ተገቢው አጃቢ ጥላ የሚወድ፣ በዝግታ የሚያድግና ሥሩ ያልጠለቀ ተክል ነው። ፔፔሮሚያ ለዚህ ይመቻል፤ ወገኑ በአንዲስ ደኖች በብዛት ይገኛል፣ ፔፔሮሚያ አቢሲኒካ ደግሞ በኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች በዛፍና በድንጋይ ላይ ይበቅላል። ኤላፎግሎሰም የተባሉት ፈርኖችም በሁለቱም አህጉሮች አሉ። ሞስ በበጋው ደረቅ አየር እርጥበት ይዞ ያቆያል፤ ይህም ከጌጥነቱ ይልቅ ይጠቅማል።

«እንግዲያው ሳጥኑ የደቡብ አሜሪካ መባሉ ይቀራል» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ትክክል ነው፤ ግን አንድ ወገን በሁለት አህጉር እንዴት እንደሚኖር በአንድ መስታወት ውስጥ ማነጻጸር ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የበለጠ ጥያቄ ያስነሣል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ማምለጥ ነው። ጣናን የወረረው እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ሲሆን በዓለም የተሠራጨው በአብዛኛው በአበባው ውበት ተወድዶ ነው፤ በሐይቁ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። ከአንዲስ የሚመጣ እያንዳንዱ ተጨማሪ አጃቢ ከሥሩ ጋር አፈር፣ ዘርና ነፍሳት ሊያስከትል ይችላል፤ ለመካነ ሰላም ቅርብ የሆነው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የአስታና የጓሳ ምድርም ሊፈተንበት አይገባም። የአገር ውስጥ አጃቢም ቢሆን ከፓርኩ መነቀል የለበትም። ፔፔሮሚያን ከአንድ ቁራጭ ግንድ ማባዛት ይቻላል፤ ሞስ ከግቢ የድንጋይ አጥር ይገኛል። ከሳጥኑ የሚወጣው አፈርና ውኃ ደግሞ ሳይፈላ ወደ ቦይ መደፋት የለበትም።