ርካሹ ቴሌስኮፕ ይበቃው ይሆን?

አንዲት እናት «ልጄ ውጭ አገር ያለ አጎቱን ቴሌስኮፕ ላክልኝ እያለ አስቸግሯል፤ ርካሹ ይበቃው ይሆን?» ሲሉ ጠይቀውናል።

እማማ፣ ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚለውን አይመኑ። የፊተኛው ሌንስ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከ120 ጊዜ በላይ ሲያጎላ ምስሉ ይደበዝዛል። እግሩም ቀጭን ነው፤ ነፋስ ሲነካው ኮከቡ ከዓይን ይጠፋል። የካኩማን ነፋስ ደግሞ ያውቁታል!

በዚያው ገንዘብ «10 በ50» የሚባለው፣ ወታደሮች የሚይዙት ዓይነት አቅርቦ ማሳያ መነጽር ይሻላል። ክንዱን ግድግዳ ላይ ካስደገፈ የጨረቃን ጉድጓዶች፣ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያገኛቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎችም ያያል። የሳተርን ቀለበት ግን አይታየውም።

አጎትየው ቴሌስኮፑን ልኮት ከሆነም አይከፋም፤ በትንሹ ማጉያ ይጀምር። «ለፀሐይ» የሚል ጥቁር መስታወት አብሮ ከመጣ ግን ራስዎ ይሰባብሩት፤ በሙቀት ድንገት ይሰነጠቅና የልጁን ዓይን ያጠፋል።