የላሊበላ ድንጋይና የጠጋኝ እጅ

በሃላሌም ሆነ በሌላው የወላይታ አጥቢያ ያረጀ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን የሚል ምክር መነሣቱ አይቀርም። አሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ከመወሰን አስቀድሞ በላሊበላ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማልና ዛሬ ስለዚያ እንጽፋለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ12ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን ሮማኔስክ በሚባለው ሥርዐት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ፣ ግድግዳውን አወፍረው፣ ክብ ቅስት እያቆሙ ያንጹ ነበር። በዚያው መቶ ዓመት ፍጻሜ በላስታ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ ግን ቋጥኙን ከላይ ወደ ታች አስፈለፈለ። በዚያ የወደቀ ድንጋይ በሌላ ይተካል፤ በዚህ ግን ጣሪያውም ዓምዱም ግድግዳውም አንድ ቋጥኝ ስለ ሆነ ነቅሎ መተካት አይቻልም።

ያ ቀይ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ለመፈልፈል የሚመች፣ ውሃም የሚጠጣ ነው። ክረምት ያረጥበዋል፤ በጋ ያደርቀዋል፤ በዚህም መፈራረቅ ይሰነጠቃል። ጠራቢዎቹ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ በጣሪያው ላይ የውሃ መውረጃ፣ በግቢውም ቦይ አበጅተዋልና።

በ1950ዎቹ የተነሡ ጠጋኞች ከሕንፃዎቹ አንዳንዶቹን ሬንጅ ቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ደረቡ። ለዓይን ያማረ ሆነ። ዳሩ ግን ሬንጅ ዝናቡን ቢከለክልም፣ በስንጥቅ የገባውንና ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት መውጫ ያሳጣዋል፤ የታፈነውም እርጥበት የድንጋዩን ገጽ እየላጠ ይጥለዋል። ሲሚንቶም በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በ1960ዎቹ ፍጻሜ ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ለጥገና ሲመጣ ከድካሙ ብዙው ያን ልባስ ማስለቀቅ ነበር።

በ1978 አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስቱን የሚጋርዱ አራት ታላላቅ መጠለያዎች ቆሙ፤ የቆሙትም ለጊዜው ተብለው ነው። ዝናቡን መልሰዋል። ሆኖም ክብደታቸውና የነፋሱ ነገር ካህናቱንና ሕዝቡን ስላሰጋ በ2018 የከተማው ሰው አደባባይ ወጥቶ አቤት አለ። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ ስላልተሠራበት ዛሬም ሰማይ ከላዩ ይታያል፤ እኛም በዚህ ደስ ይለናል።

አንጀሊኒን የላከው ድርጅት በኋላ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ተብሎ፣ በ2010ዎቹ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ሲጠግን የአገሩን ልጆች አሠልጥኖ አሠራ። ከሁሉ ይልቅ ይህን ወደድነው። የውጭው ባለሙያ ሥራውን ፈጽሞ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ስንጥቁ ሳይሰፋ የሚደፍነው የላሊበላ ሰው ነው።