ስለ መዋኛ ገንዳ አጥርና ክዳን

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ውስጥ በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ በግቢው የመዋኛ ገንዳ የሚያሠራ ሰው፥ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አጥሩ ሊያስብ ይገባዋል። የግቢው ግንብ ሌባን ይከለክላል እንጂ፥ ከቤት ወደ ጓሮ የሚወጣውን ሕፃን አይመልስም።

ስለዚህ ገንዳው ለብቻው፥ በአራቱም ማዕዘን ይታጠር። የአጥሩ ቁመት ከ1.20 ሜትር አይነስ፤ በብረቶቹም መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በሩም ወደ ውጭ የሚከፈትና በራሱ የሚዘጋ ይሁን፤ መቀርቀሪያው የሕፃን እጅ ከማይደርስበት ይደረግ።

ክዳንን በተመለከተ፥ ስስ ፕላስቲክ ቅጠልና አቧራ ይከለክላል፤ የሕፃን ክብደት ግን አይሸከምም። እንዲያውም በላዩ የሚጠራቀመው የክረምት ዝናብ ራሱ አደጋ ነው። ይህንኑ የደኅንነት ክዳን ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ፥ የሚነግደው በሰው ሕይወት መሆኑን ይወቅ። ገዢውም በዙሪያው ተወጥሮ የሚታሰርና የአዋቂ ሰው ክብደት የሚችለውን ለይቶ ይጠይቅ። ይኸውም ቢሆን አጥሩን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ገንዳ ለሌለውም ቢሆን፥ በጓሮ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ጠንካራና የሚቆለፍ ክዳን ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፥ የአጥሩ ዋጋ ከገንዳው ዋጋ ጋር በአንድ ውል ይጻፍ፤ አጥሩ ሳይቆምም ውሃ አይሞላ።