ደረት ላይ የተቀሰረ ዘንግ

የአዲስ አበባ የቮልስ ወዳጅ መኪናውን ሲያወድስ መቋጫው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ «የድሮ ብረት ነው፤ የዛሬዎቹ ገና ሲነኳቸው ይጨማደዳሉ።» ይህ አነጋገር ስህተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን ሰው ይገድላል። በግጭት ጊዜ የማይጨማደድ ብረት ኃይሉን ውጦ አያስቀርም፤ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ውስጥ ያለው ደግሞ ሰው ነው።

የቮልሱን ኮፈን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ከፊት ስኮርታ ጎማው፣ ከጀርባው የቤንዚን ታንኩ አለ። የመሪው ሳጥን የታሰረው ከፊተኛው አክስል ቱቦ ላይ ነው። ከሳጥኑ የሚነሳው ዘንግ በታንኩ አጠገብ አልፎ፣ ሳይታጠፍ፣ ወደ ሹፌሩ ደረት ይመጣል። መኪናው ፊት ለፊት ሲጋጭ አክስሉ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሳጥኑ አብሮት ይሄዳል፤ ዘንጉም ይከተላል። በዚያችው ቅጽበት የሹፌሩ አካል ወደ ፊት እየተወረወረ ነው። ድፍን ዘንግ ባላቸው ቀደምት ሞዴሎች ላይ ይህ በቁም የተቀሰረ ጦር ነው፤ ሹፌሩ ሲነዳ የሚውለውም ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ ነው።

ነገሩ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመርሴዲስ ቤንዙ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ በግጭት ጊዜ የሚሰበሰብ የመሪ ዘንግ በመንደፍ ይታወቃል። አሜሪካዊው ጠበቃ ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካን አምራቾች የከሰሰበት አንዱ ጉዳይ ይኸው ሹፌሩን የሚወጋ ዘንግ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ1967 ሞዴሎቹ ላይ የሚሰበሰበውን ዘንግ ገጠመ። ከጥር 1968 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ፣ መኪና በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር ቢጋጭ ዘንጉ ወደ ሹፌሩ ከ127 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገፋ ከለከለ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ1981 ውጤቱን ሲመዝን፣ አዲሱ ዘንግ ፊት ለፊት በሚደርስ ግጭት የሹፌሮችን ሞት በ12 በመቶ ገደማ፣ ከመሪ ጋር በመላተም የሚመጣውን ከባድ ጉዳት ደግሞ በ38 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አገኘ።

ቮልስዋገንም ቢሆን ዝም አላለም። በ1968 ሞዴል ቮልስ ላይ ድፍኑን ትቶ፣ ሲገፋ የሚጨማደድ የተበሳሳ ክፍል ያለው ዘንግ አስገባ። እንግዲህ «ፋብሪካው የሠራውን አልነካም» የሚለኝ ሰው የትኛውን ፋብሪካ ነው የሚያከብረው? ፋብሪካው ራሱ እኮ ሐሳቡን ቀይሯል። ከ1968 በፊት የተሠራውን ዘንግ እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ሰው፣ መሐንዲሶቹ አውቀው የተዉትን ነገር ነው በደረቱ የሚጠብቀው።

ወፍራም ብረት ላይ ያለው እምነት በተግባር ተፈትኗል። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በ2009 አንድ የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ፤ ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር። የአሮጌው መሪ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተገፍቶ በሹፌሩ ቦታ የተቀመጠውን የሙከራ አሻንጉሊት ጭንቅላት አገኘው። ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። ቀጭን ነው የሚባለው የአዲሱ መኪና ሹፌር ጉዳት ግን ከእግር ባልዘለለ ነበር።

«አባቴ አርባ ዓመት ነድቶታል፣ ምንም አልሆነም» የሚል ክርክርም እሰማለሁ። ይህን መናገር የሚችለው የተረፈው ቤተሰብ ብቻ ነው። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለውም አያስኬድም፤ መስመሩን ስቶ የሚመጣው ሲኖትራክ የራሱን ፍጥነት ይዞ ይመጣል። ደግሞም የእኛ ቮልስ የእሁድ መዝናኛ አይደለም። መኪና እንዲህ በተወደደበት አገር ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት፣ ሥራ የሚገባበት ዕቃ ነው። በየቀኑ በሚነዳ መኪና ውስጥ አደጋውን አውቆ መተው ይከብደኛል።

የሚያናድደኝ የገንዘቡ አወጣጥ ነው። ለቀለም፣ ለኒኬል፣ ለወንበር ልባስ፣ ለሰፊ ቸርኬ ገንዘብ ይገኛል። ፋብሪካው ያልገጠመውን ሬዲዮ ሲያስገቡ «ኦሪጅናልነቱ ይጠፋል» የሚል የለም። የመሪው ዘንግ ሲነሳ ግን ሁሉም የታሪክ ጠባቂ ይሆናል። ብሶ ደግሞ ስፖንጅ የሌለውን ትንሽ የስፖርት መሪ በአጭር ማያያዣ ይገጥሙና ከደረት ጋር የሚላተመውን መሃሉን የበለጠ ጠንካራ ያደርጉታል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ሞዴሉ የሚፈቅድ ከሆነ ከ1968 ወዲህ ከተሠራ ቮልስ የሚሰበሰበውን ዘንግ ከነማሰሪያው መውሰድ አንዱ ነው። ሌላው ድፍኑን ዘንግ ከፋፍሎ በሁለት ክሮቸራ (ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) በማዕዘን ማጠፍ ወይም አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት መካከለኛ ዘንግ ማስገባት ነው፤ ከፊት የመጣው ግፊት እዚያ ይታጠፋል ወይም ይሰበሰባል እንጂ በቀጥታ አያልፍም። ይህ መሪ ስለሆነ በግምት የሚሠራ አይደለም፤ የሚያውቅ መካኒክ፣ ለመሪ የተሠራ ዕቃ፣ ከዚያም ጥንቃቄ የተሞላ ፍተሻ ይፈልጋል። ትከሻንና ወገብን የሚይዝ ቀበቶም በተጠናከረ ማሰሪያ አብሮ መግባት አለበት፤ ያለ እሱ ሥራው ጎዶሎ ነው። ለታሪክ የሚቆረቆር ባለቤት የወጣውን ዘንግ ጠቅልሎ ያስቀምጥ፤ ለኤግዚቢሽን ቀን ይመልሰዋል።

በዓመታዊው ክላውዶ ላይ ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ሁሉ የመሪው ዘንግም መታየት ነበረበት። እስከዚያው ድረስ ኃላፊነቱ «ሙሉ እድሳት» ብሎ የሚያስከፍለው ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ባይጠይቅም ዘንጉ ድፍን ይሁን የሚሰበሰብ ፈትሾ በጽሑፍ ይንገረው። ከፊት ተመትቶ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ የተበሳሳውን ክፍል በእጁ ይዳስስ፤ ተጨማዶ ካገኘው አውጥቶ ይጣለው እንጂ አቃንቶ አይበይደው።